የአክስቴ ሽሮ ባሕር ሲሻገር

ስደት ዓለም አቀፍ ንግድን እንዴት ይቀይራል? መልሱ ሳሎንዎ መሐል ከተከፈተው ሻንጣ ይጀምራል

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድዎ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ቤትዎ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ሳሎኑ መሐል ሁለት ሻንጣ አፉን ከፍቶ ተዘርግቷል። በአንድ ጥግ ሽሮ፣ በሌላው በርበሬ፣ መሐል ላይ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቡናና ነጠላ ተደርድሯል። አንዱ ሻንጣውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያነብና የሰውየውን ኪሎ ይቀንሳል። «ሃያ አምስት ሆነ!» ሲባል ቤቱ ይንጫጫል። የሚፈቀደው ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነውና ሁለት ኪሎ መውጣት አለበት። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል፦ የእናት ሽሮ ይውጣ ወይስ የአክስት በርበሬ?

አንድ ነገር ግን ማንንም አያከራክርም። ጫማው ይቀራል፣ ሽሮው ይሄዳል።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ስማር ዓለም አቀፍ ንግድ የሚባል ትምህርት ወስጃለሁ፤ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ኮታ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ተፈትኜ አልፌአለሁ። ስለዚያ ሻንጣ ግን ማንም አላስተማረኝም። ያስተማረችኝ መካነ ኢየሱስ የምትኖረው አክስቴ ናት፤ ያውም ትምህርቱ በነፃ አልነበረም።

«ከየት ያመጣኸው ሽሮ ነው?»

መካነ ኢየሱስን የማያውቋት ከሆነ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ የምትገኝ የእስቴ ከተማ ናት። አገሩ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና አተር ያበቅላል። አክስቴ ተወልዳ ያደገችው፣ ተድራም ልጆቿን ያሳደገችው እዚያው ነው። ሽሮዋ በሰፈሩ የታወቀ ነው። አተሩን በእጇ ትለቅማለች፣ ታምሳለች፣ ትከካለች፤ ቅመሙን ለየብቻ አድርቃ ትቀላቅላለች። ወፍጮ ቤት ስትሄድም ከእሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ሳትጠይቅ እህሏን አታስገባም።

ታላቁ ልጇ ዲቪ ደርሶት ወደ ቨርጂኒያ የሄደ ዓመት አምስት ኪሎ ሽሮ ላከችለት። ልጁ አብረውት ከሚኖሩት ጋር ይበላል። አንደኛው «ይሄን ከየት ነው ያመጣኸው?» አለና ለእህቱ ትንሽ ወሰደ። እህቱ ለጓደኛዋ ነገረች። በሁለተኛው ዓመት አምስቱ ኪሎ ሃያ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ሰፈራቸው ያለ አንድ ትንሽ የሐበሻ መደብር ባለቤት «እኔ ደንበኛ አለኝ፤ ብዙ ማምጣት ትችላለህ?» ብሎ ጠየቀው።

የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «አንቺ ማርኬቲንግ አይደል የተማርሽው? በይ እስቲ አሁን አሳዪን» አለኝ።

አየሁት ያልኩት ነገር ቀላል ነበር፤ ገዢ አለ፣ ሻጭ አለ፣ መሐል ላይ ቤተሰብ አለ። ወደ ኋላ የምመለስበትን ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው። አስቀድሜ ግን የገዢው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ላሳይዎ።

የምግብ ናፍቆት ገበያ ሲሆን

ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ ምላሱን ጥሎ አይሄድም። ይህን እኛ በተረት እናውቀዋለን፤ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ደግሞ በቁጥር ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ዴቪድ ጉልድ የተባለ ተመራማሪ ወደ አሜሪካ የገቡ ስደተኞች በአሜሪካና በትውልድ አገራቸው መካከል ያለውን ንግድ እንደሚያሳድጉት በጥናት አሳየ። በ1998 ኪት ሄድና ጆን ሪስ የተባሉ ሁለት ምሁራን የካናዳን መረጃ መረመሩ። ከአንድ አገር የመጡ ስደተኞች ቁጥር በ10 በመቶ ሲጨምር ካናዳ ወደዚያ አገር የምትልከው ሸቀጥ በ1 በመቶ፣ ከዚያ አገር የምታስገባው ደግሞ በ3 በመቶ ያድጋል የሚል ውጤት አገኙ።

የሚገባው ለምን በለጠ? አንዱ መልስ ሳሎንዎ ውስጥ ያለው ሻንጣ ነው። ስደተኛው የአገሩን ምግብ፣ ልብስና ዕቃ ይፈልጋል፤ ያ ፍላጎት ቀድሞ ያልነበረ ገበያ ይፈጥራል። እኛም በዓይናችን ያየነው ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጡ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በር ከፈተላቸው፤ በኋላም ዲቪ መጣ። ዋሽንግተንና አካባቢው በሐበሻ ምግብ ቤት ተሞላ። በሎስ አንጀለስ ደግሞ የፌርፋክስ ጎዳና አንድ ክፍል በ2002 በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተባለ። ዛሬ እነዚያ ምግብ ቤቶች ገብተው ቢያዩ፣ ከትሪው ዙሪያ የሚቀመጠው ሐበሻ ብቻ አይደለም። የስደተኛው ጣዕም ወደ ጎረቤቱ ተሻግሯል። ስለዚህ የገበያው መጠን በስደተኛው ቁጥር ብቻ አይወሰንም ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ መተማመን ነው። ቡናና ሰሊጥ ደረጃ አላቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገዢና ሻጭ ሳይተዋወቁ በደረጃ ቁጥር መገበያየት ይችላሉ። ሽሮ ግን ደረጃ የለውም። ዱቄት ነው፤ በዓይን አይለይም። ምን እንደገባበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ጄምስ ራውክና ቪቶር ትሪንዳዴ በ2002 ባወጡት ጥናት በየአገሩ የተበተኑት ቻይናውያን ትስስር ንግድን የሚያሳድገው ይበልጡን ደረጃና የታወቀ ዋጋ በሌላቸው ሸቀጦች ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው ሰውን ሲያውቅ ሳያየው ይገዛል።

የቨርጂኒያው ባለ መደብር መጀመሪያ ያነሳው ጥያቄ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የጠየቀው ስለ ዋጋ አልነበረም፤ «ጓያ የለበትም አይደል?» ነው ያለው። እንደሚያውቁት ጓያ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን እግርን እስከ ማሽመድመድ ያደርሳል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «እኔ ለልጄ ጓያ የምልክ ይመስለዋል?» አለች። ልጇም ይህንኑ ቃል በቃል ለባለ መደብሩ ነገረው። ሰውየው ስቆ ተስማማ። የዚያ ሽሮ የጥራት ማረጋገጫ የእናት ቁጣ ነበር።

ጦርነት የበተናቸው፣ ንግድ ያገናኛቸው

«ይህ የሽሮና የበርበሬ ነገር ነው፤ ትልቁን ንግድ ምን ያደርገዋል?» ሊሉኝ ይችላሉ። ከብዙዎቹ ማስረጃዎች እኔን ያሳመነኝ የቬትናም ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1975 ሳይጎን ስትወድቅ አሜሪካ ከመቶ ሺህ በላይ ቬትናማውያንን ተቀበለች። በአንድ ቦታ እንዳይከማቹ ብላ በየግዛቱ በተነቻቸው። ስለዚህ የት እንደሚኖሩ መጀመሪያ የወሰነው ንግድ ሳይሆን የመንግሥት ምደባ ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በ1994 ነው። ሁለት አሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ስደተኛው አለ፣ ንግዱ የለም። ማዕቀቡ ሲነሣ ምን ሆነ? ክሪስቶፈር ፓርሰንስና ፒየር ሉዊ ቬዚና የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ብዙ ቬትናማውያን ይኖሩባቸው የነበሩት ግዛቶች ከሌሎቹ ይበልጥ ወደ ቬትናም መላክ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛ፣ ስደተኛ የተኛ ድልድይ ነው፤ ዕድል ሲያገኝ ይነሣል። ሁለተኛ፣ በሩ ተዘግቶ ከቆየ ድልድዩ ብቻውን የትም አያደርስም። ሁለተኛውን ነጥብ ከራሳችን ጤፍ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ወደ እኛ የመጡትም አሉ

ከጤፉ በፊት ግን ወደ ኋላ ዞር ብለው ሰፈርዎን ያስታውሱ። እናትና አባትዎ ዕቃ ሲልኳችሁ «አረብ ቤት ሂድና ስኳር ይዘህ ና» ይሉ አልነበር? በአዲስ አበባና በብዙ ከተሞች የነበሩት የየመን ሰዎች ሱቆች ስማቸው እስከ ዛሬ በእኛ አፍ ላይ አለ። በአዲስ አበባ አርመኖችና ግሪኮች በእጅ ሙያና በንግድ ይታወቁ ነበር፤ ከሕንድ የመጣው የመሐመድአሊ ኩባንያም ትልቅ አስመጪና ላኪ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ብቻ ይዘው አልመጡም። በኤደን፣ በቦምቤይና በማርሴይ ማን እንደሚታመን ያውቁ ነበር። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በሐዲዱ ላይ ዕቃ የሚያመላልሰውን ደንበኛ በደብዳቤ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ቡናችንና ቆዳችን ወጣ፤ አቡጀዲና ፋኖስ ገባ። እንግዲህ ስደተኛ ንግድን እንደሚያመጣ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የተለወጠው፣ የእኛ ልጆች በሰው አገር ያንኑ ሥራ መሥራት መጀመራቸው ነው።

የእኛ ጤፍ፣ የአይዳሆ ማሳ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቷል፤ ከጤፍ ጋርም ተዋውቋል። አገሩ ሲመለስ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ጤፍ መዝራት ጀመረ። ማን ይገዛዋል? በዚያው ጊዜ በየከተማው የሚበዛው ሐበሻ! ዛሬም የእሱ ድርጅት ዱቄት በአሜሪካ የሐበሻ መደብሮች ይገኛል።

ሰውየውን አልወቅሰውም። ገበያ አየ፣ ሠራ። ጥያቄው ለእኛ ነው። ስደተኛው ገበያውን ፈጠረ፤ ገበያውን ግን ሌላ አገር ያለ ማሳ ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት የአገር ውስጥ የጤፍ ዋጋ እንዳይንር ሲል ጥሬ ጤፍና የጤፍ ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። የተጋገረ እንጀራ ግን ይላክ ነበር። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የከተማ ነዋሪ ከሆኑ የጤፍ ዋጋ ሲንር ምን እንደሚሰማ በራስዎ ያውቁታል። የእስቴ ገበሬ ደግሞ ዋጋው ቢወደድ ይጠቀማል። ለአንዱ ጥቅም የሆነው ለሌላው ጉዳት ነውና ቀላል መልስ የለውም።

ያም ሆኖ ተዘግቶ የመቆየት ዋጋ አለው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። ሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ያለውን መብት የሻረው በ2018 መጨረሻ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያቦኩት የኖሩትን ነገር «የእኔ ፈጠራ ነው» የሚል ሰው ሊመጣ የቻለው፣ ገበያው ላይ ቀድመን ስላልቆምን ጭምር ነው ብዬ አስባለሁ።

የእኔ ስህተት፣ የአክስቴ ልክ

አሁን ወደ ሽሮአችን እንመለስ። ባለ መደብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ 60 ኪሎ ጠየቀ። ወሩ ሐምሌ ነበር። እኔ ደንበኛ ሳይቀዘቅዝ መላክ አለብን ብዬ አክስቴን አጣደፍኳት። ራሴ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ማሸጊያው ቀለምና ስለ ስሙ ተጨነቅሁ። የፋሲል ግንብ ሥዕል ያለበት፣ የሚያምር መለያ አሠራሁ። በጊዜው ኩራቴን ሊያዩት ይገባ ነበር!

ሽሮው ሲደርስ ተቋጥሮ ነበር። የተወሰነው ሻግቷል። ባለ መደብሩ መለያውን አደነቀና ዕቃውን መለሰ። ኪሳራውን የአክስቴ ልጅ ከደመወዙ ሸፈነ፤ አንድም ቃል አልተናገረኝም። የሚናገር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ግን አልማረችኝም። «ክረምት ላይ የተፈጨ ሽሮ እንደማይቀመጥ እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ፀሐይ የለም፣ አተሩ እርጥበት ይስባል። ነገርኩሽ፤ አንቺ አስቸኮልሽኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነግራኛለች። እኔ የሰማሁት «የገጠር ሰው ዝግታ» አድርጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት እሷ በልማድ የምታውቀውን ሌላው ዓለም በሕግ እንደሚጠይቅ ነው። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። አውሮፓ ውስጥ በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ አፍላቶክሲን ከተገኘ ዕቃው አይገባም። ማይክሮ ግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አሜሪካ ደግሞ ለንግድ የሚገባ ምግብ የሚያመርተውን ቦታ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኗ መመዝገብና ዕቃው ከመድረሱ በፊት ማሳወቅን ትጠይቃለች። በሻንጣ የሚሄደውና በካርጎ የሚሄደው ሽሮ አንድ ዓይነት ሽሮ ቢሆንም በሕግ ፊት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ ኅዳር ላይ ጀመርን። አዲሱ አተር ገብቷል፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። አክስቴ አራት ጎረቤቶቿን ሰበሰበች። ምጣዱና ወንፊቱ የእነሱ፣ የድርቀቱ ውሳኔ የእሷ ነበር። በጥርሷ ሰብራ «ገና ነው» ካለች ገና ነው። ናሙናውን አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አስመረመርን፣ የላኪነት ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ላክን። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋባቸው ቀናት ጆንያው ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ እንቅልፍ አጥተናል። የአውሮፕላን ማጓጓዣው ከአተሩ ዋጋ በልጦ አየሁ። በመጨረሻ 120 ኪሎ ደረሰ፤ ሁሉም ተሸጠ። ትርፉ ትንሽ ነበር። ግን ትርፍ ነበር። መለያው? ነጭ ወረቀት ላይ ስሙ፣ የተመረተበት ቀንና በውስጡ ያለው ነገር ብቻ ተጽፎበታል።

ገንዘቡ ምን ይሁን?

ከሁለተኛው ጭነት በኋላ አክስቴ ቤት ሌላ ክርክር ተነሣ። ታናሹ ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል። ጓደኞቹ በየአቅጣጫው እየወጡ ነው። እሱም «ይህን ብር ስጪኝና ልሂድ፤ እኔም እንደ ወንድሜ እልክልሻለሁ» አላት። በመካነ ኢየሱስ ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም፤ በብዙ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ወንድሙ የሄደው በሕግ፣ በዲቪ ነው። ለእሱ የቀረበለት ደግሞ ደላላ ነው።

እኔ የጥናቱን ቁጥር ሁሉ በቃሌ የማውቅ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አፌ ተያዘ። ስደት ንግድን ያሳድጋል ብዬ አልነበር? ታዲያ ልጁ ይሂድ?

አክስቴ ቀድማኝ መለሰች። «አንዱን ልኬ ሽሮ መሸጥ ጀመርኩ። ሁለተኛውን ብልክ ሽሮውን ማን ያስፈጭልኛል?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በኋላ ምድጃው አጠገብ ሁለታችን ስንቀር «የሄደውን ልጄን እኮ በሽሮ አልለወጥኩትም። ሽሮው የመጣው እሱ ስለሌለ ነው» አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በየትኛውም የጥናት ገጽ ላይ አላገኘሁትም። ጥናቶቹ የሚሉት ሰዎች ሄደው ከሆነ ድልድይ ይሆናሉ ነው፤ ልጆቻችሁን ስደዱ አይሉም። ንግድ የሚያድገው ደግሞ ድልድዩ በሁለቱም በኩል ተሸካሚ ሲኖረው ነው። ቨርጂኒያ ላይ የሚታመን ሰው ያስፈልጋል፤ መካነ ኢየሱስ ላይም የሚያደርቅ፣ የሚለቅም፣ የሚያስፈጭ ሰው ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ለወፍጮ ተቀመጠ። ገና አልሞላም። ታናሹ ልጅ አሁን የማድረቂያውን አልጋ የሠራው፣ መዝገቡንም የሚይዘው እሱ ነው። ዲቪ ግን በየዓመቱ ይሞላል። እናቱ ታውቃለች፤ ፎቶውን ያነሣሁትም እኔ ነኝ።

እርስዎስ?

ውጭ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከዚያ ዘመድ ጋር ያለዎት ግንኙነት በበዓል ከሚላክ ገንዘብና ከሻንጣ ሽሮ ማለፍ ይችል እንደሆነ ካሰቡ፣ ከእኛ ጥፋት የሚከተለውን ይውሰዱ።

ዘመድዎን «ምን ናፈቀህ?» ብለው ብቻ አይጠይቁት። «እዚያ ምን ትገዛለህ? ከማን? ምኑ አያረካህም?» ብለው ይጠይቁት። ናፍቆቱን ለእናቱ ይተዉትና መደብሩ መደርደሪያ ላይ የጎደለውን ይንገርዎ።

በሻንጣ የሚሄደውንና ለሽያጭ የሚሄደውን አያደባልቁ። መንገደኛው የያዘውን ምግብ ሁሉ በጉምሩክ ፎርሙ ላይ ያስመዝግብ፤ ደብቆ መገኘት ያስቀጣል። የሥጋ ውጤት ስለሚወረስ ቋንጣዎን እዚሁ ይብሉት። ለሽያጭ ከሆነ ግን ፈቃድ ባለው ላኪ በኩል ይሂዱ።

በኩንታል ከመጀመርዎ በፊት በአሥር ኪሎ ይጀምሩ። መጀመሪያ ላቦራቶሪ፣ ኋላ መለያ። ይህን የምልዎ መለያ መሥራት እንጀራዋ የሆነ ሴት ናት።

ከዘመድ ጋር ቢሆንም ይጻፉት። ኪሎው፣ ዋጋው፣ ዕቃው ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል ወረቀት ላይ ይስፈር። እኛ አልጻፍንም፤ ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ከፈለ። ዝም የተባለ ዕዳ ቤተሰብ ያሻክራል። ክፍያውም በባንክ ይምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ላኪዎች ካገኙት ምንዛሪ ግማሹን ለራሳቸው እንዲይዙ ተፈቅዷል፤ መመሪያ ስለሚለዋወጥ ግን በወቅቱ ያለውን ባንክዎን ይጠይቁ።

ዘመድዎ የውጭ ዜግነት ወስዶ ከሆነም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። እዚህ ሥራ ሊጀምር ቢያስብ ብዙ በር ይከፍትለታል።

ድልድዩ በሁለት አቅጣጫ እንደሚሠራም አይርሱ። ዱባይ ወይም ጓንዡ ያለ ወንድምዎ የሚገዙትን ማሽን ፋብሪካው ድረስ ሄዶ አይቶልዎት ከሆነ፣ ተመራማሪዎቹ በቁጥር የለኩትን ነገር እርስዎ በቤትዎ ሠርተውታል።

በመጨረሻም፣ «ገና ነው» የምትል አክስት ካለችዎት ይስሟት።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጠች። ከዚያ «ያ የሻገተውን ባታወሪው ምን ነበረበት? ሰው የእኔ ሽሮ ይሻግታል ይላል» አለችኝ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ለሷ ስል ደግሜ እላለሁ፦ ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ።